መዳብ የእርሾ ምግብ ነው ወይ? ቤቱ ቢራ ለሚጠምቅ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። እናቴ ጠላ ትጠምቅ ስለነበር ነገሩ ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ አሁን ደግሞ በ20 ሊትር ባልዲ ቢራ መጥመቅ ጀምሬያለሁ። 3 ኪሎ የገብስ ብቅልና 1.5 ኪሎ ስኳር እጠቀማለሁ፤ ስኳሩን ያስገባሁት የብቅሉ ዋጋ ስለከበደኝ ነው። መጀመሪያ የዳቦ እርሾ ነበር የጨመርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከባልዲው ሥር የሚዘቅጠውን እርሾ ለሚቀጥለው እያሳለፍኩ ነው። ሰሞኑን ፍላቱ እየዘገየ፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታም እያመጣ አስቸግሮኛል። አንድ ወዳጄ ‹መዳብ የእርሾ ምግብ ነው፤ የመዳብ ሽቦ ወይም የድሮ ሳንቲም ባልዲው ውስጥ ጣልበት› አለኝ። ኮፐር ሰልፌት የሚባል ሰማያዊ ዱቄትም ይሆናል ብሎኛል። የትኛው ይሻላል? መጠኑስ ስንት ነው?»

ምላሽ፦

ስለ መጠን ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። እየፈላ ባለው ባልዲ ውስጥ መዳብ አይጨምሩ። ሽቦውንም፣ ሳንቲሙንም ይተዉት፤ ሰማያዊውን ዱቄት ደግሞ ቤትዎም አያስገቡት። ወዳጅዎ የነገሩዎት መሠረት የሌለው ወሬ አይደለም። ግን እርስዎ ለገጠመዎት ችግር መፍትሔው እሱ አይደለም፤ በተሳሳተ ሰዓት ከገባ ደግሞ ቢራውንም ጠጪውንም ይጎዳል።

እርሾ መዳብ እንደሚያስፈልገው እውነት ነው። እርሾ በሚተነፍስበት የኢንዛይም ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ያለው ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ ያለ መዳብ አይሠራም። ኦክስጅን ከሚያመጣበት ጉዳት የሚከላከልለት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝም መዳብና ዚንክ አለው። ብረት ባነሰበት ቦታ ብረት ለቅሞ ወደ ሕዋሱ የሚያስገባበት መንገድ እንኳ በመዳብ ኢንዛይም ነው የሚሠራው። እነዚህ ሁሉ ግን በአብዛኛው ኦክስጅን ባለበት የሚያስፈልጉ ሥራዎች ናቸው። ባልዲዎ ውስጥ ያለው እርሾ የቀረበለትን ኦክስጅን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨርሰዋል። ስኳር በበዛበት ደግሞ ኦክስጅን እያለም ቢሆን መተንፈሱን ትቶ ወደ አልኮል ሥራው ይገባል። ስለዚህ የመዳብ ፍላጎቱ እጅግ ጥቂት ነው፤ በሊትር የአንድ ሚሊ ግራም አንድ አሥረኛ ያህል ይበቃዋል።

ይህ ለ20 ሊትር ሲሰላ 2 ሚሊ ግራም ነው፣ ለዓይን እንኳ የማይሞላ ነገር። የገብስ ፍሬ ራሱ በኪሎ ጥቂት ሚሊ ግራም መዳብ አለው። አብዛኛው ከገለባው ጋር ተጣርቶ ቢቀርም የተወሰነው ወደ ወርቱ ይወርዳል (ወርት የምለው ብቅሉ ተዘፍዝፎ ከተጣራ በኋላ የሚገኘውን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው)። እርሾውም ከቀድሞው ጥንስስ በሕዋሱ ውስጥ የያዘው አለ። በመዳብ እጥረት ብቻ ፍላቱ የቆመ የብቅል ቢራ እስካሁን አላየሁም፤ እርስዎም ጋ ይህ ደርሷል ብዬ አላምንም።

ታዲያ የመዳብ ዝና ከየት መጣ? ቢራ ለብዙ ዘመን የተቀቀለው በመዳብ ጋን ነው። መዳብ ሙቀትን ከማይዝግ ብረት ከሃያ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል፤ እንደ ልብም ይቀጠቀጣል። ፋብሪካዎች ወደ ማይዝግ ብረት ሲዞሩ አንዳንዶቹ በቢራቸው ላይ ከዚያ በፊት የማያውቁት የድኝ ሽታ መጣባቸው። በውስኪ ሥራ ይህ ነገር ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ማጣሪያው ዛሬም ከመዳብ የሚሠራው እንፋሎቱ መዳቡን ሲነካ የድኝ ውህዶቹን ጥሎ ስለሚያልፍ ነው። የእኛም አረቄ አውጪዎች የመዳብ ቱቦ ሲያገኙ የሚመርጡት ያለ ነገር አይደለም። እንግዲህ የመዳብ ትልቁ ውለታ እርሾውን መመገቡ ሳይሆን ሽታውን ማሰሩ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸትዎት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው። መዳብ ሲያገኝ ከእሱ ጋር ተጣብቆ የማይሟሟ ጥቁር ኮፐር ሰልፋይድ ይሆንና ወደ ሥር ይዘቅጣል፤ ሽታውም ወዲያው ይጠፋል። ይህን ያየ ሰው «መዳብ ጨመርኩበት፣ እርሾዬ ዳነ» ቢል አይፈረድበትም።

ግን እርሾው አልዳነም። ያንን ጋዝ የሠራው እርሾው ራሱ ነው፤ የሠራበትም ምክንያት አለው። እርሾ ለሕዋሱ ግንባታ ሜታዮኒንና ሲስቲን የሚባሉ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያስፈልጉታል። በወርቱ ውስጥ በበቂ ካላገኛቸው ከውሃና ከብቅል የሚያገኘውን ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ቀይሮ ራሱ ሊሠራቸው ይነሣል። ሰልፋይዱን ከናይትሮጅን ጋር አዋህዶ አሚኖ አሲድ ማድረግ አለበት። ናይትሮጅን ካጠረው ሰልፋይዱ መሄጃ ያጣና በጋዝ መልክ ይወጣል። እንቁላል እንቁላል የሚሸት ባልዲ ብዙውን ጊዜ የተራበ እርሾ ያለበት ባልዲ ነው። በላዩ መዳብ መጣል የሞተ አይጥ ያለበትን ቤት ዕጣን እንደማጠን ነው።

አሁን ወደ ስኳሩ ልምጣ፤ የችግርዎ ዋና ሥር እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከ3 ኪሎ ብቅል ቤት ውስጥ በሚደረግ ዝፍዘፋ 1.8 ኪሎ ያህል የሚሟሟ ነገር ቢያወጡ ጥሩ ነው። በዚህ ላይ 1.5 ኪሎ ስኳር ሲጨምሩ፣ እርሾው ከሚበላው ወደ ግማሽ የሚጠጋው ስኳር ሆነ ማለት ነው። ስኳር ናይትሮጅን የለውም፤ ዚንክም፣ ቫይታሚንም የለውም። ሥራውን ግን ያበዛበታል። ሙሉ በሙሉ ከብቅል የተሠራ ወርት ለእርሾ የተሟላ ገበታ ነው፤ እርስዎ ገበታውን ሳያሰፉ እንግዳውን እጥፍ አድርገውታል። ስኳሩን ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ በታች ያድርጉት፦ ለ20 ሊትር 4.5 ኪሎ ብቅልና ከ500 ግራም ያልበለጠ ስኳር። ብቅሉ ከከበደዎት ውሃውንም ብቅሉንም አብረው ቀንሰው 12 ሊትር ይጥመቁ። 12 ሊትር ጥሩ ቢራ ከ20 ሊትር ሕመምተኛ ቢራ ይበልጣል፤ ይህን የምለው የእህል በረንዳ ዋጋ ምን ያህል እንደሚከብድ እያወቅሁ ነው።

ከማዕድናት ሁሉ በቢራ ወርት ውስጥ በእርግጥ የሚጎድለው ዚንክ ነው። አልኮል የሚሠራው ኢንዛይም፣ አልኮል ዲሃይድሮጅኔዝ፣ መሐሉ ላይ ዚንክ ይዟል። ብቅል ዚንክ አለው፤ ነገር ግን አብዛኛው ከገለባው ጋር ይቀራል፤ ከተረፈውም የሚበዛው ወርቱ ሲፈላ በሚረጋው ፕሮቲን ተይዞ ከሥር ይዘቅጣል። እርሾው የሚፈልገው በሊትር ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ወዳጅዎ «መዳብ» ያሉትን እርስዎ «ዚንክ» ብለው ይስሙት። እኛ አገር መፍትሔውም ቅርብ ነው። ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት ከኦ.አር.ኤስ. ጋር የሚሰጠው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ባለ 20 ሚሊ ግራም የዚንክ እንክብል በየፋርማሲው አለ። የአንዱን እንክብል ሩብ በጥቂት የፈላ ውሃ አሟሙተው ወርቱ እሳት ላይ ሊጨርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ይጨምሩት። 5 ሚሊ ግራም ዚንክ ለ20 ሊትር ማለት በሊትር 0.25 ነው፤ ጥቂቱ ከዝቃጩ ጋር ቢጠፋ እንኳ የቀረው ይበቃል። ሙሉውን እንክብል አይጨምሩ፤ ዚንክም ሲበዛ እርሾን ይጫናል።

ለናይትሮጅኑና ለቫይታሚኑ ደግሞ ከዳቦ እርሾ የተሻለ ነገር አልመክርዎትም። ሱቅ ከሚሸጠው ደረቅ የዳቦ እርሾ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወርቱ እሳት ላይ እየፈላ ሳለ በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ይጨምሩበት። እርሾው ይሞታል፤ የምንፈልገውም እንዲሞት ነው። ሕዋሱ ፈርሶ አሚኖ አሲዱን፣ ቢ ቫይታሚኑን፣ ዚንኩን፣ ስንፈልገው የነበረውን ቅንጣት መዳብ ጭምር ለሕያው እርሾ ይተውለታል። መዳብ በእርሾ ምግብነት የሚገባበት ንጹሕና ልኩን የጠበቀ መንገድ ይህ ነው፤ ተፈጥሮ ራሷ መዝናዋለች።

ሦስተኛው ነገር የከተማችን ከፍታ ነው፤ ከውጭ የሚጻፉ የጠመቃ መመሪያዎች ይህን አያስቡልንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ በወርት ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እርሾ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኦክስጅን የሚፈልገው የሕዋሱን ሽፋን የሚያጠነክርበትን ስቴሮል ለመሥራት ነው። ከፓኬት የወጣ ደረቅ እርሾ ስቴሮሉን ከፋብሪካ ይዞ ስለሚመጣ የመጀመሪያ ጠመቃዎ ያለ ችግር አልፎ ይሆናል። ከባልዲ ሥር እየተወሰደ የሚሸጋገረው ግን በተባዛ ቁጥር ያንን ስንቅ እየተካፈለ ይጨርሰዋል፤ በየዙሩም ደካማ ይሆናል። እየባሰ የሄደው ለዚህም ጭምር ነው። ወርቱ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ እርሾው ከመግባቱ በፊት፣ ከአንዱ ንጹሕ ባልዲ ወደ ሌላው ከፍ አድርገው ደጋግመው ያንቆርቁሩት፤ አረፋው እስኪነሣ ድረስ። ትኩስ ሳለ ግን አይሞክሩት፤ ያኔ የሚገባው ኦክስጅን ቢራውን ከማስረጀት በቀር ጥቅም የለውም።

ስለ ኮፐር ሰልፌቱ ቁጥሩን ላሳይዎት፤ ከምክር ይልቅ ቁጥሩ ያሳምናል። የዚህ ሰማያዊ ክሪስታል ክብደት ሩብ ያህሉ መዳብ ነው። እርሾዎ የሚፈልገውን 2 ሚሊ ግራም መዳብ ለማግኘት የሚያስፈልግዎ 8 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህን የሚመዝን ሚዛን ወጥ ቤት ውስጥ የለም። በጣት ቆንጥረው ቢጨምሩ ግማሽ ግራም ይሆናል እንበል። በ20 ሊትር ውስጥ በሊትር ከ6 ሚሊ ግራም በላይ መዳብ ገባ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ግራም ቢሆን ከ12 ሚሊ ግራም ያልፋል፤ እዚያ ላይ ራሱ እርሾው መመረዝ ይጀምራል። ወይን ጠማቂዎች ኮፐር ሰልፌት እንደሚጠቀሙ ያነብቡ ይሆናል፤ እነሱ በላብራቶሪ ለክተው፣ በሕግ ገደብ ሥር ሆነው ነው የሚያደርጉት። ገበያ ላይ የሚገኘው ዱቄት ደግሞ ለእርሻ ተብሎ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ንጽሕናውን ማንም አላረጋገጠልዎትም። መዳብ የበዛበት መጠጥ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። ሰውነታቸው መዳብን ማስወጣት ለማይችል የዊልሰን ሕሙማን ደግሞ ጥቂቱም ከባድ ነው።

ሽቦና ሳንቲም ባልዲ ውስጥ ለምን አይቀመጥም? አሲድ ስላለ። ወርት እሳት ላይ ሳለ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5 በላይ ነው፤ ቢራ ሆኖ ሲያልቅ ወደ 4 ተኩል ወይም ወደ 4 ይወርዳል። ጠላም እዚያው አካባቢ ነው፤ ጠጅ ከዚያም ይኮመጥጣል። አሲድና ጥቂት አየር ሲገናኙ መዳብን ያሟሙታል፤ ባልዲው ውስጥ ለቀናት የተቀመጠ መዳብ ስንት እንደሚለቅቅ መቆጣጠሪያ የለዎትም። እርሾው የቻለውን ያህል ወደ ሕዋሱ እየሳበ ያስራል፤ ያ እርሾ ግን ነገ ወደሚቀጥለው ጠመቃ የሚያሳልፉት ነው፤ መዳቡን በየዙሩ እያጠራቀመ ይሄዳል። የተረፈው ቢራው ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚያደርሰውን ጉዳት ያፋጥናል፤ ቢራው ቶሎ ያረጃል፣ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕምም ያመጣል። ፋብሪካዎች ባለቀው ቢራ ውስጥ መዳብና ብረት እንዳይኖር የሚጠነቀቁት ለዚሁ ነው።

የሳንቲሙ ምክር የመጣው ከአሜሪካ ጠማቂዎች ይመስለኛል፤ እነሱ ፔኒ ይጥሉ ነበር። ከ1982 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ፔኒ ራሱ ቀጭን መዳብ የተለበጠ ዚንክ ነው። የእኛ በ1936 ዓ.ም. የተቀረጹት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች አብዛኞቹ ከመዳብ የተሠሩ ቢሆኑም በስንት እጅ እንዳለፉ፣ በምን እንደተወለወሉ አይታወቅም። በደርግ ዘመን የወጡት 5 እና 10 ሳንቲም ነሐስ ናቸው፤ መዳብ ብቻ አይደሉም። ሽቦውንም ቢሆን ከምናለሽ ተራ እንዳይገዙ። ከሞተር የወጣ ሽቦ መዳብ ቢመስልም ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ ፕላስቲኩ በእሳት ተቃጥሎ የወጣው ደግሞ በላዩ የቀረውን ጥቀርሻ ማየት ብቻ በቂ ነው። ከማቀዝቀዣ የተፈታ ቱቦ ውስጡ ዘይት አለው።

ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም መዳብ መጠቀም ከፈለጉ ቦታው ድስቱ ነው። አዲስ፣ ለውሃ ወይም ለማቀዝቀዣ ሥራ የሚሸጥ አንድ ስንዝር የመዳብ ቱቦ ይግዙ። በሎሚና በጨው አሽተው እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ ያጽዱት፤ በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። አረንጓዴ ዝገት ካለበት ፈጽሞ አይግባ። ወርቱ እየፈላ ሳለ በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ያስገቡትና ወደ ባልዲው ከመገልበጥዎ በፊት ያውጡት። በዚያ ሙቀት ከሚለቀው ጥቂት መዳብ የሚበዛውን የሚረጋው ፕሮቲን ይዞት ይዘቅጣል፤ የሚተርፈው እርሾው ከሚፈልገው ብዙ አይርቅም። ወርቱን የሚያቀዘቅዙት ቀዝቃዛ ውሃ በሚያልፍበት ጥቅል የመዳብ ቱቦ ከሆነ ግን ይህም አያስፈልግዎትም። ቱቦው ገብቶ ሲወጣ የበለጠ አንጸባርቆ መውጣቱን አስተውለው ከሆነ፣ ያ ከላዩ የተላጠው ወርቱ ውስጥ ገብቷል።

ከዚህ በፊት ግን ሽታውን ራሱን ይለዩት። ከባልዲው ሁለት ብርጭቆ ይቅዱ፤ በአንዱ ውስጥ ያንን የጸዳ መዳብ አስገብተው ጥቂት ያማስሉና ሁለቱን ያሽትቱ። መዳብ ያለበት ሽታው ከጠፋ ነገሩ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ የተራበ እርሾ ነው ያልኩትም ትክክል ነው። ብርጭቆውን ይድፉት፣ አይጠጡት። ሽታው ካልጠፋ፣ በተለይ የተቀቀለ በቆሎ ወይም ጥቅል ጎመን የሚመስል ከሆነ፣ ያ ዳይሜታይል ሰልፋይድ ነው። መዳብ ምንም አያደርገውም። የሚመጣው ከብቅሉ ነው፤ የሚወጣውም ክዳኑ ተከፍቶ ጠንክሮ ሲፈላ ነው። እዚህም ከፍታችን ይጫነናል፤ ውሃችን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚፈላ መመሪያው 60 ደቂቃ ያለውን እርስዎ 90 ደቂቃ ያድርጉት።

አሁን ባልዲው ውስጥ ያለውን ቢራ አይድፉት። ክረምት ከሆነና ወለል ላይ ካስቀመጡት መጀመሪያ ከወለሉ ያንሡት፣ በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት፤ ሌሊት ቤት ውስጥ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ እርሾው ያንቀላፋል። አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ በትንሽ ውሃ ለ10 ደቂቃ ቀቅለው፣ አቀዝቅዘው ይጨምሩበት፤ ባልዲውን ሳይከፍቱ በቀስታ ያዟዙሩት። አየር እንዳያስገቡበት፤ ፍላቱ ከጀመረ በኋላ የሚገባ ኦክስጅን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በሁለት ቀን ካልተነቃቃ ከፓኬት የወጣ አዲስ እርሾ ለብ ባለ ውሃ አርሰው ያስገቡለት። የእንቁላሉ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር እየተገፋ ይወጣልና ፍላቱ ከተነሣ በኋላ አንድ ሳምንት ጊዜ ይስጡት። የሥሩን እርሾ ግን በዚህ ዙር ይጣሉት፤ ወደሚቀጥለው አይለፍ።

ጠርሙስ ውስጥ ለመክተት አይቸኩሉ። ስኳር የበዛበትና ፍላቱ መሐል ላይ የቆመ ቢራ ያለቀ ይመስላል፤ ከታሸገ በኋላ ሲነቃ ጠርሙሱን ያፈነዳል፣ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። ሃይድሮሜትር (ቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር ለመገመት የፈሳሹን እፍጋት የሚለካ መሣሪያ) ይግዙ ወይም ይዋሱ። ለሦስት ቀን በተከታታይ ያው ቁጥር ካሳየዎት በኋላ፣ በሊትር ከ6 ግራም ያልበለጠ ስኳር ጨምረው፣ ለግፊት በተሠራ ወፍራም የቢራ ጠርሙስ ብቻ ያሽጉት።